ባክቴሪያ የሚፈጨውና የማይፈጨው
የሳሙና ፍሳሽና ከባድ ብረቶች በአጥቢያችን ውኃ ላይ፤ ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የቀረበ ትምህርት

መግቢያ

የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ የጸሎት ስፍራ ነው፤ ብዙ ውኃ የሚፈስበት ስፍራም ነው። በዓመታዊው ክብረ በዓል ዕለት ለምእመናን ከሚቀርበው መስተንግዶ በኋላ ድስቱ፣ ሳፋውና ሰሐኑ ይታጠባል። የአብነት ተማሪዎች ልብሳቸውን ያጥባሉ። በጠበል ስፍራዎች ከጥምቀቱ በኋላ ገላቸውንና ልብሳቸውን በሳሙና የሚታጠቡ አሉ። ይህ ሁሉ ውኃ አረፋውን ይዞ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል፤ ዝቅተኛው ቦታ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የታችኛው መንደር የሚቀዳበት ምንጭ ወይም ወንዝ ነው። (የንዋየ ቅድሳት መታጠቢያ ውኃ በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን መሠረት ለብቻው የሚፈጸም ስለሆነ በዚህ ትምህርት አይካተትም።)

በሌላ በኩል እንደ አቃቂና እንደ ሞጆ ባሉ ወንዞች ዳር የሚገኙ አጥቢያዎች የሚደርስባቸው ከላይ የሚመጣ ጉዳት ነው። ከቆዳ ፋብሪካዎች፣ ከጋራዦች፣ ከብረት መለበጫና ከልዩ ልዩ አውደ ጥናቶች የሚወጣው ፍሳሽ ክሮሚየም፣ ሊድ፣ ካድሚየምና ሌሎች ከባድ ብረቶችን ይዞ ይወርዳል። በዚያው ውኃ ደግሞ ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን ይለማል።

ባክቴሪያን ተጠቅሞ የተበከለ ውኃና አፈር ማጽዳት ይቻላል የሚለው ዜና በየጊዜው ይሰማል። ዜናው እውነት ነው፤ ነገር ግን ለሳሙናና ለብረት እኩል አይሠራም። ባክቴሪያ ሳሙናን ፈጭቶ ያጠፋዋል፤ ብረትን ግን መልኩን ይለውጠዋል ወይም በአንድ ቦታ ይሰበስበዋል እንጂ አያጠፋውም። ይህን ልዩነት የተረዳ ሰበካ ጉባኤ በራሱ አቅም ሊሠራው የሚገባውን ሥራ ከአቅሙ በላይ ከሆነው ለይቶ መወሰን ይችላል። ያልተረዳ ግን የሚቻለውን ሳይሠራ፣ በማይቻለው ላይ ተስፋ ጥሎ የምእመናንን ጤና ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል።

1. ባክቴሪያ ሥራውን እንዴት ይሠራል?

ባክቴሪያ በዓይን የማይታይ፣ በአንድ ሕዋስ ብቻ የሚኖር ፍጥረት ነው። በአንድ ጭብጥ ጤነኛ አፈር ውስጥ ቁጥሩ እጅግ ብዙ የሆነ ባክቴሪያ ይገኛል። ከእነዚህ ጥቂቶቹ በሽታ ቢያመጡም አብዛኞቹ የወደቀውን ቅጠል፣ የሞተውን ሥርና የእንስሳትን ጽዳጅ ወደ አፈርነት የሚመልሱ ሠራተኞች ናቸው።

ሥራቸውን ለመረዳት የእናቶቻችንን ቡኮ ማሰብ ይበቃል። እርሾ የገባበት ሊጥ በማግስቱ ኩፍ የሚለው በውስጡ ያሉት ረቂቃን ተሕዋስያን ዱቄቱን እየተመገቡ ጋዝ ስለሚያወጡ ነው። የአፈርና የውኃ ባክቴሪያዎችም እንዲሁ የሚመገቡትን ነገር ይሰባብራሉ፤ ከመሰባበሩም ለሕይወታቸው የሚሆን ጉልበት ያገኛሉ። የሚሰብሩት ነገር ካርቦንን መሠረት ያደረገ ሲሆን መጨረሻው በአብዛኛው ውኃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል።

ከዚህ የምንረዳው፣ አንድ ነገር በባክቴሪያ ፈጽሞ እንዲጠፋ ከተፈለገ ሊሰበር የሚችል ነገር መሆን እንዳለበት ነው። ሳሙና ከብዙ አቶሞች የተገጣጠመ ስለሆነ ይሰበራል። ሊድ ወይም ካድሚየም ግን ራሱ መሠረታዊ ንጥረ ነገር ነው፤ ከእርሱ በታች የሚሰበርበት ደረጃ ለማንኛውም ሕያው ፍጥረት የለም።

2. ሳሙና፦ የሚፈጨው ብክለት

በአገራችን ከዱቄት ሳሙና በፊት ልብስ የሚታጠብበት እንዶድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ወንዝ ዳር ባደረጉት ምልከታ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዝያን ጥገኛ ትል የሚያስተላልፉ ስለነበሩ ግኝቱ ለበሽታው መከላከያ ጥናት በር ከፈተ። ለእኛ ርእስ የሚጠቅመው ግን ሌላ ትምህርትም አለው፤ ከላይ የታጠበበት አረፋ ከታች ያለውን ሕይወት ይነካል። የእንዶድ አረፋ በተፈጥሮ ተሕዋስያን ቶሎ የሚፈርስ በመሆኑ ጉዳቱ ሩቅ አይሄድም። በፋብሪካ የሚመረተው ሳሙና ግን ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአውሮፓና በአሜሪካ የተስፋፋው የዱቄት ሳሙና የተሠራበት ዋና ንጥረ ነገር ቅርንጫፍ የበዛበት የካርቦን ሰንሰለት ነበረው። ባክቴሪያዎች ሰንሰለቱን ከጫፉ እየቆረጡ ስለሚመገቡ በየቅርንጫፉ ይደናቀፉ ነበር። በዚህም ምክንያት ወንዞች በአረፋ ክምር ተሸፈኑ፤ ከአንዳንድ ቧንቧዎችም አረፋ ያለው ውኃ ይቀዳ ጀመር። ምዕራብ ጀርመን በ1961 ሕግ አውጥታ ከ1964 ጀምሮ በሥራ ላይ አዋለች፤ የአሜሪካ አምራቾችም በ1965 ቅርንጫፍ ወደሌለው ቀጥ ያለ ሰንሰለት ተሸጋገሩ። አረፋው ከወንዞቹ ላይ የቀነሰው አዲስ ባክቴሪያ ስለተገኘ ሳይሆን ሳሙናው ባክቴሪያ ሊፈጨው በሚችል መልክ ስለተሠራ ነው።

ባክቴሪያዎች ይህን ቀጥ ያለ ሰንሰለት ከጫፉ ጀምረው ሁለት ሁለት ካርቦን እየቆረጡ ያሳጥሩታል፤ በመጨረሻም ቀለበት መሰሉን ክፍል ከፍተው ያፈርሱታል። የሚቀረው ውኃ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሰልፌት የተባለ ጨው ነው። ይህን ሥራ የሚሠሩት ግን አየር ሲያገኙ ነው። አየር በማይገባበት የታፈነ ጉድጓድ ውስጥ ይኸው ሳሙና ለረጅም ጊዜ ሳይፈርስ ይቆያል። ስለዚህ የመታጠቢያን ውኃ ወደ ሽንት ቤት ጉድጓድ መልቀቅ ሳሙናውን መደበቅ እንጂ ማጥፋት አይደለም።

አንድ ነገር መጨመር ይገባል። በአንዳንድ ሳሙናዎች ውስጥ የሚገኘው ፎስፌት በባክቴሪያ አይጠፋም፤ ወደ ሐይቅ ሲገባ ለውኃ አረሞች ማዳበሪያ ይሆናል። ፎስፌት የሌለበትን ሳሙና መምረጥ፣ የተገኘውንም በመጠኑ መጠቀም ለጣናና ለሌሎች ሐይቆቻችን የሚደረግ እንክብካቤ ነው።

3. ከባድ ብረቶች፦ የማይፈጨው ብክለት

በከባድ ብረቶች ላይ ባክቴሪያዎች የሚሠሩት ሥራ ሦስት ዓይነት ነው።

አንደኛው መያዝ ነው። የብዙ ባክቴሪያዎች የውጭ ሽፋን ብረትን የመሳብ ባሕርይ ስላለው በውኃ ውስጥ ያለው ሊድ ወይም ካድሚየም ይጣበቅበታል።

ሁለተኛው መልክ መለወጥ ነው። ክሮሚየም በሁለት ዋና መልኮች ይገኛል። ስድስተኛ ደረጃ የሚባለው በውኃ በቀላሉ የሚሟሟና ለካንሰር የሚዳርግ ነው፤ ሦስተኛ ደረጃ የሚባለው ግን መርዛማነቱ እጅግ ያነሰና ከጭቃ ጋር የሚዘቅጥ ነው። አንዳንድ ባክቴሪያዎች የመጀመሪያውን ወደ ሁለተኛው ይለውጣሉ።

ሦስተኛው ማዝቀጥ ነው። አየር በሌለበት ጭቃ ውስጥ የሚኖሩ፣ ሰልፌትን የሚጠቀሙ ባክቴሪያዎች የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ያለው ጋዝ ያወጣሉ። ይህ ጋዝ ዚንክን፣ መዳብን፣ ሊድንና ካድሚየምን ሲያገኝ እንደ ጥቁር ዝቃጭ አድርጎ ወደ ታች ያወርዳቸዋል። በኔዘርላንድስ ቡደል በሚባለው ስፍራ ያለ የዚንክ ማቅለጫ የተበከለውን የከርሰ ምድር ውኃ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በዚህ ዘዴ ሲያጣራ ቆይቷል። የተሰበሰበው ዚንክም ወደ ማቅለጫው ተመልሶ ለምርት ይውላል።

የቡደሉ ምሳሌ የሚያስተምረን ባክቴሪያው የሠራው የቃርሚያ ሥራ እንደሆነ ነው። ቃርሚያ የሚለቅም ሰው የተበተነውን እህል ይሰበስባል እንጂ አያጠፋውም፤ ለሰበሰበውም ጎተራ ያስፈልገዋል። ባክቴሪያ የሰበሰበውን ብረት የሚረከብ ፋብሪካ ወይም በጥንቃቄ የሚቀበርበት ስፍራ ከሌለ ብረቱ በዝቃጩ ውስጥ ተቀምጦ ጎርፍ ሲመጣ ወይም ጭቃው ደርቆ አየር ሲያገኝ ተመልሶ ወደ ውኃው ይገባል። አንዳንዴም ባክቴሪያ ነገሩን ያብሰዋል፤ ሜርኩሪ በሐይቅና በወንዝ ጭቃ ውስጥ በባክቴሪያ አማካይነት በዓሣ ሥጋ ወደሚከማች፣ ከቀድሞውም ወደሚብስ መርዝ ይለወጣል።

ብረት አፈር ውስጥ ከገባ በኋላ ማውጣት ምን ያህል እንደሚከብድ የጃፓኑ የጂንዙ ወንዝ ታሪክ ምስክር ነው። በላይኛው ተፋሰስ ከነበረ የማዕድን ሥራ የወጣ ካድሚየም ወደ ወንዙ ገባ፤ ገበሬዎች በወንዙ ውኃ ሩዝ አለሙ፤ ሩዙን የተመገቡ ሰዎች፣ በተለይም እናቶች፣ ኩላሊታቸው ተጎዳ፤ አጥንታቸውም ተሰባበረ። የጃፓን መንግሥት የበሽታውን ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1968 በይፋ አረጋገጠ። መሬቱን ለመመለስ የተደረገው ሥራ ከ1979 እስከ 2012 ድረስ የፈጀ ሲሆን ዘዴውም ከ800 ሄክታር በሚበልጥ መሬት ላይ የተበከለውን አፈር በንጹሕ አፈር መተካት ወይም መሸፈን ነበር። ባለጸጋ አገር ከሠላሳ ዓመት በላይ የደከመችበትን ሥራ በአንድ ጠርሙስ የባክቴሪያ ፈሳሽ እንጨርሳለን ማለት አይቻልም። አፈርን ከብረት ያነጻል ተብሎ የሚሸጥ ፈሳሽ ወይም ዱቄት ለሰበካው ቢቀርብ «የተሰበሰበው ብረት የት ይሄዳል?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

4. አጥቢያው በራሱ አቅም የሚሠራው፦ የሳሙና ውኃ ማጣሪያ መደብ

የሳሙናን ውኃ ለማጣራት ባክቴሪያ መግዛት አያስፈልግም። በአፈሩና በውኃው ውስጥ ስላሉ ማደሪያ፣ እርጥበትና አየር ከተመቻቸላቸው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በጠጠሩ ላይ ይራባሉ። የሥራው ቅደም ተከተል እንደሚከተለው ነው።

ሀ. ማጥለያ፦ ፍርፋሪና ጮማ የጠጠሩን ቀዳዳ ስለሚደፍን ውኃው አስቀድሞ በወንፊት፣ ቀጥሎም ጮማው በሚንሳፈፍበት በርሜል ወይም የግንብ ጉድጓድ ያልፋል። ጮማው በየሳምንቱ ይወገዳል።

ለ. መደቡ፦ ከታች 20 ሳንቲ ሜትር ጠጠር ከማፍሰሻ ቧንቧ ጋር፣ በላዩ 50 ሳንቲ ሜትር የታጠበ ሻካራ አሸዋ፣ ከላይ 10 ሳንቲ ሜትር ጠጠር ይደረጋል። ወለሉና ጎኑ በሸክላ አፈር ወይም በጠንካራ ፕላስቲክ ይሸፈናል። ስፋቱን ለመወሰን ለአንድ ካሬ ሜትር በቀን 50 ሊትር ውኃ ብንመድብ፣ በቀን 1,000 ሊትር የሚያፈስ ግቢ 20 ካሬ ሜትር፣ ማለትም 4 ሜትር በ5 ሜትር የሆነ መደብ ያስፈልገዋል።

ሐ. አለቃቀቁ፦ ውኃው በተበሳ ቧንቧ በመደቡ ላይ በእኩል እንዲረጭ ይደረጋል፤ በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ተከፋፍሎ ይለቀቃል እንጂ ያለማቋረጥ አይፈስም። በየመካከሉ ውኃው ሰርጎ ሲወርድ አየር ተከትሎት ይገባል፤ ሳሙናን የሚፈጨው ባክቴሪያ የሚፈልገውም ይህን ነው።

መ. ተክሉ፦ ሸምበቆ፣ ፊላ ወይም ቄጠማ ይተከላል። ሥራቸው መደቡ እንዳይደፈን ይከላከላል፤ ለባክቴሪያውም ማደሪያ ይሆናል። ከዚህ መደብ የታጨደ ቄጠማ ግን ለከብት መኖ አይሰጥም፤ ለቀዳም ሥዑር ቄጠማም ሆነ ለበዓል ጉዝጓዝ አይውልም።

ሠ. ቦታው፦ ከጠበሉ፣ ከምንጩና ከውኃ ጉድጓዱ በታች፣ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ ይሠራል። በጠበል ስፍራ በሳሙና መታጠብ ከምንጩ አጠገብ ተነሥቶ ማጣሪያው ወደተሠራበት እንዲዛወር ሰበካ ጉባኤው ሊደነግግ ይገባል።

ረ. የክብረ በዓል ዕለት፦ በዚያ ቀን የሚፈሰው ውኃ ከመደቡ አቅም ስለሚበልጥ ትርፉ በዛፎች ዙሪያ በተቆፈሩና ገለባ ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ በተሞሉ ጉድጓዶች ይከፋፈላል።

ሰ. በረኪና፦ በረኪና ጀርም የሚገድለውን ያህል የመደቡንም ባክቴሪያ ይገድላል። ብዙ በረኪና ያለበት ውኃ ወደ መደቡ አይለቀቅም።

መደቡ ሥራውን መሥራቱን ለማወቅ ከመግቢያውና ከመውጫው ውኃ በሁለት ጠርሙስ እስከ ግማሽ ቀድቶ እኩል መናጥ ይቻላል። ከመውጫው የተቀዳው አረፋ እጅግ ካነሰ ወይም ፈጥኖ ከጠፋ ሥራው እየተሠራ ነው። ይህ ውኃ ለዛፍ ችግኞች ይሆናል፤ ለመጠጥና ጥሬአቸውን ለሚበሉ አትክልቶች ግን አይሆንም። አረፋ አለመኖሩ ውኃውን የመጠጥ ውኃ አያደርገውም።

5. ከአጥቢያው አቅም በላይ የሆነው፦ የብረት ጉዳይ

ከላይ የተገለጸው መደብ የፋብሪካ ወይም የጋራዥ ፍሳሽ ሊላክበት አይገባም። ብረቱ በአሸዋው ውስጥ ይከማቻልና፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሰበካው የሚጥልበት ቦታ የሌለው መርዛማ አሸዋ ይዞ ይቀራል። ስለ ብረት የሰበካ ጉባኤ ድርሻ የሚከተሉት ናቸው።

በግቢው ውስጥ፦ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ፣ የድምፅ ማጉያና የሶላር ባትሪ፣ የተቃጠለ ረጅም አምፖል፣ የተረፈ ቀለምና የተቃጠለ ዘይት በቆሻሻ ጉድጓድ አይጣልም፤ አይቃጠልም። ዝናብ በማያገኘው፣ ሕፃናት በማይደርሱበት ደረቅ ቦታ በዕቃ ተሰብስቦ ለሚረከበው አካል ይሰጣል። በተለይ የመኪና ባትሪ በግቢ ውስጥ ተፈትቶ ሊዱ እንዲወጣ መፍቀድ አይገባም፤ ሊድ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳልና።

በወንዝ ዳር መሬት ላይ፦ አጥቢያው በተበከለ ወንዝ ዳር የሚያለማው ወይም የሚያከራየው መሬት ካለ ከሁሉ አስቀድሞ አፈሩ፣ ውኃውና የአትክልቱ ቅጠል በላቦራቶሪ ሊመረመር ይገባል። በአቃቂ ውኃ በሚለሙ አትክልቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በተለይ ቅጠላቸው የሚበላው ብረትን እንደሚያከማቹ አሳይተዋል። አትክልትን ማጠብ በላዩ ያለውን አቧራና ጀርም ያነሣል፤ በሥሩ ገብቶ በቅጠሉ ውስጥ የተቀመጠውን ብረት ግን አያወጣም። የምርመራው ውጤት እስኪታወቅ ድረስ መሬቱ ለእንጨት ዛፍ ወይም ለአበባ እንዲውል እንመክራለን።

ውሳኔው ቀላል እንዳልሆነ እንገነዘባለን። ከኪራዩ የሚገኘው ገቢ የካህናት ደመወዝና የአብነት ተማሪዎች ቀለብ ሊሆን ይችላል፤ አልሚዎቹም ብዙዎቹ ሌላ መተዳደሪያ የሌላቸው ምእመናን ናቸው። ስለዚህ መሬቱን ነጥቆ ማባረር መፍትሔ አይደለም። በንጹሕ የጉድጓድ ወይም የዝናብ ውኃ የሚለማበትን፣ ወይም ወደማይበላ ምርት የሚዛወሩበትን መንገድ ከእነርሱ ጋር መምከር ይገባል። ነገር ግን ገቢው እንዳይቋረጥ ተብሎ ጉዳዩ በዝምታ ቢታለፍ፣ ዋጋውን የሚከፍሉት አትክልቱን ከገበያ ገዝተው ለልጆቻቸው የሚያበስሉ እናቶች ናቸው።

በላይኛው ተፋሰስ ላይ፦ ብረት በቀላሉ የሚያዘው ገና ከፋብሪካው ሳይወጣ፣ መጠኑ ጥቂት በሆነ ውኃ ውስጥ ተጠራቅሞ ሳለ ነው። ወንዝ ውስጥ ከተበተነ በኋላ ግን የሚሰበስበው የለም። ስለዚህ አጥቢያዎች ተባብረው የውኃውን ቀለም፣ ሽታና የሚለቀቅበትን ሰዓት በቀን መዝግበው ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በጽሑፍ ማቅረብ ይችላሉ። በቀንና በሰዓት የተመዘገበ ማስረጃ ከአቤቱታ ይልቅ ይሰማል።

ማጠቃለያ

በ2ኛ መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 2 የኢያሪኮ ሰዎች ውኃቸው ክፉ፣ ምድራቸውም ፍሬ የማትሰጥ እንደሆነች ለነቢዩ ኤልሳዕ ነገሩት። ነቢዩም ጨዉን ይዞ የሄደው ወደ ውኃው ምንጭ ነበር፤ ተአምራቱን የፈጸመው እግዚአብሔር ነው፤ ነቢዩ የቆመበት ስፍራ ግን ለእኛም ትምህርት ይሆነናል። ሳሙናው ከእኛ ግቢ ይመነጫልና ምንጩ በእጃችን ነው፤ እግዚአብሔር በአፈሩ ውስጥ ያኖራቸው ረቂቃን ፍጥረታትም ያግዙናል። ብረቱ የሚመነጨው ከሌላ ቦታ ነውና ወደዚያ ምንጭ መሄድ፣ እስከዚያውም ምእመናን መርዙን እንዳይመገቡ መጠበቅ የእረኝነት ሥራ ነው።

ለሰበካ ጉባኤ ስብሰባ የመወያያ ጥያቄዎች

1. ከግቢያችን የሚወጣው የሳሙና ውኃ ወዴት ይፈሳል? ከታች የሚቀዳው ማን ነው?
2. በሥራ ቀንና በክብረ በዓል ዕለት ስንት ሊትር ውኃ እናፈሳለን? ለማጣሪያ መደብ የሚሆን ቦታስ አለን?
3. ያለቁ ባትሪዎችና አምፖሎች እስከ ዛሬ የት ሲጣሉ ቆዩ?
4. በአጥቢያው መሬት የሚለማው አትክልት በየትኛው ውኃ ይለማል? ምርመራ ተደርጎለታል?
5. ከአልሚዎቹ ጋር የሚመክሩ፣ ውጤቱንም ለሚቀጥለው ስብሰባ የሚያቀርቡ አባላት እነማን ይሁኑ?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር